አንድ እንቁላል ለሰባት ሰው

ወደ ኮረብታው እንድንወጣ የታዘዝነው ረፋድ ላይ ነው። ትዕዛዙን በሬዲዮ የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ። ላይ ያለውን ምሽግ ተረከቡ፣ ሌላ ትዕዛዝ እስኪደርሳችሁ ጠብቁ ይላል። ደግሜ አረጋገጥኩና ለጓድ መሪያችን ለሃምሳ አለቃ ደስታ ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉትና «እንግዲህ እንውጣ ልጆቼ» አሉ። ሰባት ነበርን። ሌሎቹ የሻምበሉ ጓዶች በግራና በቀኝ ተዘረጉ፣ እኛ ጫፉን ያዝን።

ኮረብታው ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይመጣል። ትልቅ አይደለም። ከታች ሲያዩት የተኛ በሬ ጀርባ ይመስላል። ጠዋት ጠዋት ከሜዳው የሚነሳው ጉም እስከ ወገቡ ይሸፍነውና እኛ ከላይ ደመና ላይ የተቀመጥን ይመስለን ነበር። ጠላት ከጉሙ ማዶ ነው። አናየውም፣ አያየንም። አንዳንዴ የሰው ሳል ይሰማል። ከእነሱ ይሁን ከእኛ ወገን አይለይም።

አሁን የምኖረው ተወልጄ ባደግኩባት ሰበታ ነው። ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ ባለው ግቢዬ ሁለት ክፍል አከራያለሁ። ተከራዮቼ ፋብሪካ የሚሠሩ ልጃገረዶች ናቸው። ከፈረቃ ወጥተው፣ ደክሟቸው፣ ደረቅ ዳቦ በሻይ በልተው ሊተኙ ሲሉ አይቼ ማለፍ አልችልም። «እስቲ አንድ እንቁላል አምጡ» እላቸዋለሁ። እንቁላል እንደ ድሮው አይደለም፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ይጥበሱ ቢባል አይችሉም። እኔ ግን በአንዱ ሦስቱንም አበላቸዋለሁ። የተረፈ ሽሮ ካለ ከእሳቱ ሊወርድ ሲል መትቼ አማስልበታለሁ። ድንች ካለ ቀቅዬ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ አቁላልቼ እንቁላሉን ከላይ አፈስበታለሁ። አንድ ማታ ታላቅየዋ፣ ሰናይት የምትባለው፣ ድስቱን በዳቦ እየጠረገች «እትዬ ወይንሸት፣ ይሄን ሙያ ማን አስተማረዎት?» አለችኝ።

«ወታደር ቤት ነው የተማርኩት» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ አልተዉኝም። ይህን የምጽፈውም ለእነሱ ነው። ስለ ጦርነቱ ሲጠይቁኝ ስለ መድፉ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። ስለ መድፉ የምለው ጥቂት ነው። እኔ ይበልጥ የማስታውሰው ምሳችንን ነው።

ሰባታችንም ከየአገሩ የመጣን ነን። ሃምሳ አለቃ ደስታ ጎጃሜ ናቸው፤ በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ አይልም። ከድር የመትረየስ ተኳሽ ነው፣ ዝምተኛ። አበራና ጌትነት አብረው አድገው አብረው የተቀጠሩ ጓደኛሞች ናቸው። የቀረነው ሦስታችን ደግሞ በአዲስ አበባ ዙሪያ የተወለድን ነን። እኔ ከሰበታ፣ ሙላቱ ከቡራዩ፣ ጉታ ከሱሉልታ። እዚሁ ብንቀር ኖሮ አንገናኝም ነበር። እዚያ ግን የአንድ ግቢ ልጆች ሆንን።

ሙላቱ ወታደር ከመሆኑ በፊት የታክሲ ረዳት ነበር። ጠዋት ምሽግ ውስጥ የሚቀሰቅሰን «አሸዋ ሜዳ! አሸዋ ሜዳ የሞላ!» እያለ ነው። ሃምሳ አለቃ ደስታ «ቀስ በል፣ ማዶ ያሉትም ይሳፈራሉ» ይሉት ነበር። ጉታ የገበሬ ልጅ ነው። እናቱ ታናሽ እህቱን እንደወለደች ስለሞተች፣ አባቱ እርሻ ሲውሉ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። ሲያወራ አማርኛና ኦሮምኛ ይቀላቅላል። ሙላቱና እኔ እንሰማዋለን፣ ሌሎቹ በግምት ይከተሉታል።

የመጀመሪያው ቀን ድስቱን ወደ እኔ ገፉት። ሴት ስለሆንኩ ነው። እኔ ግን ሬዲዮ እንጂ ድስት አላውቅም ነበር፤ ቤታችን የምታበስለው ታላቅ እህቴ ናት። ጉታ ድስቱን ብድግ አደረገና «ተይው፣ አንቺ ሬዲዮሽን ያዢ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሳያችን እሱ ሆነ። እኔም ሬዲዮው ዝም ሲል አጠገቡ እየተቀመጥኩ እጁን አያለሁ።

ስንቃችን ኮቾሮ ነው። ሰናይት ኮቾሮ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ የወታደር ደረቅ ብስኩት ነው፣ ጥርስ ይሰብራል። ምስር አንዳንዴ ይመጣል። ዘይት በጣሳ፣ ሽንኩርት መንገዱ ሲከፈት፣ በርበሬ ሰው ከቤቱ በላስቲክ ቋጥሮ ያመጣው። ውኃ በጀርባ ነው የሚወጣው።

ዶሮዋ የመጣችው ከጉሙ ውስጥ ነው። ከኮረብታው ሥር ያለችው መንደር ሰዎቿ ጥለዋት ከሸሹ ሰንብተዋል። በመንደሯና በእኛ መካከል ያለው ሜዳ ፈንጂ ተቀብሮበታል፣ ሰው አያልፈውም። አንድ ጠዋት ከድር ከመትረየሱ ኋላ ሆኖ «የሚንቀሳቀስ ነገር አለ» አለ። ሁላችንም ቦታ ቦታችንን ያዝን። ከነጩ ጉም ውስጥ ቀይ ነገር ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ብቅ ይላል። ዶሮዋ ገበያ እንደወጣች ሴትዮ ዘና ብላ፣ እዚህም እዚያም ቆም እያለች መሬቱን እየጫረች፣ ያን ሁሉ ፈንጂ አልፋ መጣችና ምሽጋችን አፍ ላይ ቆመች። አንገቷን ሰበር አድርጋ አየችን።

«ሕልም ነው» አለ አበራ።

ሙላቱ «ሕልምም ይሁን፣ ወጥ ይወጣዋል» አለ። ስንት ጊዜ ሥጋ እንዳልበላን አላውቅም። ከድር ቢላዋውን ማፈላለግ ጀመረ።

ጉታ ዶሮዋን አንስቶ ከሆዷ በታች በጣቶቹ ዳበሳት። «ይቺ እንቁላል ጣይ ናት» አለ። «ዛሬ ካረድናት ዛሬ ብቻ ነው። ብናቆያት ግን እዚህ እስካለን እንበላለን።»

«አንድ እንቁላል ለሰባት ሰው?» አለ ሙላቱ።

«ለእኔ ተወው።»

ሃምሳ አለቃ ደስታ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። «ከጣለች ትቆይ። ካልጣለች የሙላቱ ሐሳብ ይጸናል» ብለው ፈረዱ።

ጥቂት ቀን አልጣለችም። ሙላቱ በየጠዋቱ እየመጣ ያያትና በርበሬው የት እንዳለ ይጠይቃል። ጉታ የኮቾሮ ፍርፋሪና የምስር ቅሪት ይሰጣታል፣ በኦሮምኛ ቀስ ብሎ ያዋራታል። «ሉኩ፣ ሉኩ» ይላታል። አንድ ማለዳ ከድር የብረት ቆቡን አንስቶ ሊያጠልቅ ሲል እጁ አንድ ለብ ያለ ነገር ነካ። ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንድ ቃል ሳይናገር፣ ወደ እያንዳንዳችን እየሄደ አሳየን። ከድር ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጉታ ያን እንቁላል እንዴት እንዳበሰለው እነግራችኋለሁ፤ እናንተ ልጆች ዛሬም ልትሠሩት ትችላላችሁና። ኮቾሮውን ሰባብሮ በለብታ ውኃ ነከረው። እንደ ለሰለሰ በእፍኙ ጨመቀው። የዘይት ጣሳ ለሁለት ሰንጥቆ የሠራው መጥበሻ ነበረው፤ በእሱ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አበሰለ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ጠብ አደረገበት። በርበሬ፣ ጥቂት ውኃ፣ ከዚያ ኮቾሮው። እንቁላሉን በኮዳ ክዳን ውስጥ ከውኃና ከጨው ጋር እስኪያረፋ መታው። እንደ ክር አድርጎ፣ መጥበሻውን እያዞረ፣ ከዳር ወደ መሃል አፈሰሰው። አላማሰለም። ሲይዝ ብቻ በማንኪያ ጫፍ ገለባበጠው። ቢጫው በሁሉም ጉርሻ ውስጥ ነበር። ሰባት ሰው እንቁላል በላ።

ሙላቱ ጣቱን ላሰና «እሺ፣ ትቆይ» አለ።

ሃምሳ አለቃ ደስታ ኦሮምኛ አያውቁም። «ሉኩ» ዶሮ ማለት ነው፤ እሳቸው ግን ጉታ ያወጣላት ስም መሰላቸው። በየጠዋቱ ምሽጉን ሲዞሩ «ሉኩ ዛሬ ሪፖርት አላቀረበችም?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛ ሦስታችን እንተያያለን። ማንም አላረማቸውም።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት ሳስብ፣ ጦርነት ውስጥ የነበርኩ አይመስለኝም። ሬዲዮው ያጉረመርማል፣ ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሜዳውን እንደ ውኃ ያንቀጠቅጠዋል፤ የፈረሰችው መንደር ከመሬት ተነስታ አየር ላይ የምትንሳፈፍ ይመስላል። ነጫጭ ቢራቢሮዎች በሽቦው ላይ ያርፋሉ። እኛ ጥላው ውስጥ ተጋድመን፣ ግማሽ እንቅልፍ ግማሽ ወሬ፣ ስለየቀዬአችን እናወራለን። ሙላቱ ከቡራዩ ማዶ የገፈርሳ ውኃ ፀሐይ ሲያርፍበት እንዴት እንደሚሆን ይነግረናል። ጉታ ስለ ሱሉልታ ሜዳ ያወራል፤ በጥቅምት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ፣ ከጭጋጉ ውስጥ ሯጮች ድምፅ ሳያሰሙ መጥተው፣ ትንፋሻቸው እንደ ጭስ ከኋላ ተከትሏቸው ሲያልፉ። እሱ ሲያወራ ከድር እንኳ ዓይኑን ይከድናል። ሉኩ በመሃላችን እየዞረች ትጭራለች። የአንዳችን እግር ላይ ወጥታ ትቆማለች። እንቁላል በጣለችበት ቀን ሽታው ከምሽጉ አፍ ይወጣና ከጎን ያለው ጓድ «ዛሬ ሠርግ አለ መሰለኝ» ይለናል።

ጉታ አንዴ የሠራውን አይደግምም። ምስር በመጣ ቀን ቀቅሎ፣ አድቅቆ፣ በእንቁላል ለውሶ እንደ ትንሽ ቂጣ ይጠብሰዋል። ሻይ ስናፈላ ማገዶ እንዳይባክን እንቁላሉን እዚያው ውስጥ ይቀቅለውና በክር ይቆርጠዋል፤ ክሩን በጥርሱ ይይዛል፣ ያዞራል፣ እኩል እኩል። ቅርፊቱን ፈጭቶ ለሉኩ ይመልስላታል። «እኛ የወሰድነውን ትውሰድ» ይላል። ድርሻ ሲያወጣ የራሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያነሳው።

አንድ ረፋድ መድፍ ጀመሩ።

ማስጠንቀቂያ አልነበረም። የመጀመሪያው ከኋላችን ወደቀ። ሁለተኛው ከፊት። ሃምሳ አለቃ ደስታ «ግቡ!» አሉ። ገባን። አፈር ወረደብን። በሬዲዮ ቦታችንን ተናገርኩ፣ ድምፄን ራሴ አልሰማውም። እስከ ቀትር ቆየ። ሲቆም ጆሮአችን ውስጥ ፉጨት ብቻ ቀረ። ሙላቱ የውኃ ጀሪካን ሊያነሳ ወጥቶ ስለነበር ከበሩ አጠገብ አገኘነው። ፍንጣሪ መንጋጋውን መትቶታል። በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ ተቀምጧል፤ በጣቶቹ መሃል ደም ይወርዳል። ዓይኑ እኛን ያያል።

የሻምበሉ ሐኪም መጥቶ አሰረለት። አጥንቱ ተሰብሯል፣ ወደ ኋላ መወሰድ አለበት አለ። ነገር ግን ወደ ኋላ የሚወስደው መንገድ ላይ ተኩስ ይወርዳል። መኪና አይገባም። የራሱን ቁስለኛ በቃሬዛ ለማውረድ የሞከረው ሌላ ጓድ ሁለት ሰው አጥቶ ተመለሰ። እስኪከፈት ጠብቁ ተባልን።

ሙላቱ ማኘክ አይችልም። መዋጥ ይችላል፣ እሱም በጭንቅ። የመጀመሪያውን ቀን በስኳር ውኃ አዋልነው። ስኳሩም ጥቂት ነበር። ፊቱ ያብጣል፣ ትኩሳት ይዞታል፣ ያ ሁሉ ወሬው ጠፍቶ በዓይኑ ብቻ ይጠይቃል። ሐኪሙ «ምግብ ካላገኘ ትኩሳቱን አይችለውም» ብሎ ሄደ።

ሉኩ ከድብደባው በኋላ እንቁላል አቁማለች። ጉታ ባዶ የጥይት ሳጥን ውስጥ ሣር አንጥፎ አስቀመጣት፣ ብርድ ልብሱን አለበሳት። ጨለማ ውስጥ ስትሆን ትረጋጋለች አለ። አጠገቧ ተቀምጦ በቀስታ ያዋራታል። ከድር የራሱን የውኃ ድርሻ አመጣላት። ጌትነት ከየት እንዳገኘ እንጃ ጥቂት ማሽላ በኪሱ ይዞ መጣ። የምሽጉ ሰው ሁሉ ዶሮ ይጠብቃል። ሌላ ቦታ ቢሆን ያስቃል። እዚያ ማንም አልሳቀም።

በነጋታው አልጣለችም። በሚቀጥለውም ቀን አልጣለችም። በሦስተኛው ጠዋት፣ ጉሙ ገና ሳይገለጥ፣ ከሳጥኑ ውስጥ ድምፅ ሰማን።

ጉታ ኮቾሮውን በድንጋይ ፈጭቶ ዱቄት አደረገው። በውኃ በጥብጦ፣ እንደ አጥሚት ቀጭን አድርጎ አፈላው። ከእሳቱ አወረደው። በጣቱ እየነካ ጠበቀ። «ከፈላ ይቋጠራል፣ አይዋጥም» አለኝ። ለብ ሲል የተመታውን እንቁላል ጠብ እያደረገ ሳያቋርጥ አማሰለ። ቢጫና ልስልስ ሆነ። ጨው፣ አንዲት ጠብታ ዘይት። የሙላቱን ራስ ጭኑ ላይ አስደግፎ፣ በደህናው ጎን በኩል በማንኪያ ጫፍ አስገባለት። ሙላቱ ዋጠ። ቆየ። ደግሞ ዋጠ። ብርሃኑ በምሽጉ አፍ ገብቶ ማንኪያው ላይ ያርፋል። ሌሎቻችን ተደርድረን እያንዳንዱን ጉርሻ ከጉሮሮው ሲወርድ እናይ ነበር።

ስለ ድርሻ ማንም አላነሳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሉኩ የጣለችው ሁሉ የሙላቱ ሆነ። እኛ ደረቁን ኮቾሮ በላን። አበራ ብቻ አንድ ቀን «ሽታው ይበቃኛል» አለ፣ እውነቱንም ነበር።

ትኩሳቱ ቀስ በቀስ ወረደ። አንድ ቀን ጀንበር ስታዘቀዝቅ በሬዲዮ ጥሪ መጣ። መንገዱ ለአጭር ጊዜ ጸጥ ብሏል፣ አምቡላንስ ከኮረብታው ጀርባ ቆሟል፣ ቁስለኛ አውርዱ። ሙላቱን በቃሬዛ አነሳነው። ጉታ የጥይት ሳጥኑን ከነዶሮዋ ታቅፎ ከኋላ ተከተለን።

ሹፌሩ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«የእሱ ስንቅ ነው» አለው ጉታ። «መንገድ ላይ ቢቆይ ምን ይበላል?»

ሹፌሩ ሃምሳ አለቃ ደስታን አየ። እሳቸውም «ሉኩ ከቁስለኛው ጋር እንድትሄድ ታዝዛለች» አሉ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። ሳጥኑ ከሙላቱ እግር ሥር ገባ። ሙላቱ የጉታን እጅ ይዞ አልለቅ አለ። ጉታ በሌላ እጁ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታቸው። «ናጋቲ» አለው። ደህና ሁን ማለት ነው። በሩ ተዘጋ።

የማጥቃት ትዕዛዝ የመጣው ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ነው። ጎህ ሲቀድ ማዶ ያለውን ኮረብታ እንይዛለን።

ገና ሳይነጋ ተነስተን ዕቃችንን ስንሰበስብ፣ ጉታ ሳጥኑ ከነበረበት ቦታ የተራገፈውን ሣር ገለጥ አድርጎ ጠራኝ። አንድ እንቁላል ነበር። ወስደናት ሳንሄድ የጣለችው ይሆናል፣ ማንም አላየውም። ስድስት ነበርን። ሃምሳ አለቃ ደስታ «ዛሬ አብሳዩ ብቻውን ይብላው» አሉ። ጉታ ፈገግ ብሎ መጥበሻውን አወጣ። ኮቾሮውን ነከረ፣ እንቁላሉን ከውኃ ጋር መታ፣ እንደ ክር አፈሰሰው። በመጥበሻው ዙሪያ ቁጢጥ ብለን በላን። ጉሙ ከሜዳው መነሳት ጀምሮ ነበር። እጆቻችን ከጉሙ ውስጥ እየወጡ ወደ መጥበሻው ሲገቡ ዛሬም ይታየኛል። የማን እጅ እንደሆነ እንኳ አውቃለሁ።

ከዚያ ወረድን። በፈንጂው መሃል መሐንዲሶች የጠረጉት ጠባብ መንገድ ነበር። በአንድ መስመር አለፍነው። መንደሯን ያዝን። ከማዶው ኮረብታ መትረየስ ተከፈተብን። ከድር መለሰ። አበራ ከድንጋይ አጥሩ አጠገብ ወደቀ። ጌትነት ሊያነሳው ተመለሰ፣ ሞቶ አገኘው። «ወደፊት» አሉ ሃምሳ አለቃ ደስታ። ወጣን። ፀሐይ ጉሙን ስትገልጠው ዳገቱ ላይ ነበርን፣ ሁሉም ነገር ታየ። ሃምሳ አለቃ ደስታ ከጠላት ምሽግ አፋፍ ላይ ተመቱ። ምሽጉን ያዝን። ረፋዱ ላይ «ይዘናል» ብዬ በሬዲዮ ተናገርኩ። መልእክቱን ስጨርስ ጌትነት ትከሻዬን ነካኝ።

«ጉታ ተመቷል» አለኝ።

ከአፋፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በጎኑ ተኝቶ ነበር። እጁን ያዝኩት። ሞቅ ያለ ነበር። ምንም አላለኝም። ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አላለኝም።

ሙላቱ ዳነ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ እኔም ጡረታ ወጥቼ ሰበታ ስመለስ፣ ቡራዩ ሄጄ አገኘሁት። ከዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችው፣ አግብቷል፣ ወልዷል። አፉ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል። ቃላቱ ተጣብቀው ስለሚወጡ የማያውቀው ሰው አይሰማውም። ሉኩን ጠየቅኩት። እስከ ሆስፒታሉ አብራው ደርሳለች፣ ድንኳኑ ውስጥም ጥላለታለች፤ በኋላ ወደ መሃል አገር ሲላክ አንዲት ነርስ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። «ጉታ አልቆይ ብሎ ነው እንጂ ዶሮዋ ቆይታለች» አለኝ።

የጉታን ቤተሰብ ይፈልግ የነበረው እሱ ነው። የነበሩበት መሬት ቤት ተሠርቶበት ወደ ገጠሩ ርቀው ገብተዋልና ቶሎ አላገኛቸውም። ባለፈው በጋ፣ ከሱቁ ዕቃ ሊገዛ የገባ ሰው የሱሉልታ ሰው መሆኑን ሲሰማ ጠየቀው፤ ሰውየው የጉታን አባት ኦቦ ቶለሳን ያውቃቸው ነበር። ሙላቱ ያኔውኑ ደወለልኝ። አዲሱ ገበያ ተገናኘንና በሚኒባስ እንጦጦን ተሻግረን ወረድን።

ኦቦ ቶለሳ ከደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። በጣም አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ግን ያያል። የጉታ እህት ጫልቱ አጠገባቸው ቆማለች። በኦሮምኛ ሰላም አልናቸው፣ ማን እንደሆንን ነገርናቸው። ፊታችንን አንድ በአንድ አዩ። ከሜዳው ነፋስ ይመጣል። ከሩቅ ትራክ ያጓራል።

«እንዴት እንደሞተ ነግረውናል» አሉ በመጨረሻ። «ጀግና ነበር ብለውናል። እሱን ሰምቻለሁ። ከእናንተ መስማት የምፈልገው ሌላ ነው። ልጄ እዚያ ምን ይበላ ነበር?»

ነገርናቸው። ከጉሙ ስለወጣችው ዶሮ፣ ስለ ከድር ቆብ፣ ስለ ኮቾሮው። ሃምሳ አለቃ ደስታ ሉኩን ስም አድርገው እንደያዙት ስነግራቸው ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። ሙላቱ የራሱን ሊናገር ጀመረና ቃሉ ተያዘበት። ኦቦ ቶለሳ ጆሮአቸውን ወደ አፉ አስጠግተው እስኪጨርስ ጠበቁት። ሲጨርስ ጉንጩን በመዳፋቸው ያዙት።

«የጉታ እጅ ያዳነው ይሄ ነው?» አሉ።

ጫልቱ እንቁላል አመጣች። ኮቾሮ ስለሌለ የደረቀ ዳቦ ነከርኩ። እንቁላሉን ከውኃ ጋር መትቼ ከዳር ወደ መሃል እንደ ክር ሳፈስ ከጎኔ ቆማ ታይ ነበር። «እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለች። ነበር አላለችም። ልጆች ሳሉ፣ አባቷ እርሻ ውለው ሲመጡ፣ አንዱን እንቁላል ለሁሉም የሚያደርሰው እንዲህ አድርጎ ነው።

በላን። ኦቦ ቶለሳ እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ እኔን አዩኝ።

«ያን ዕለት ጠዋትስ? በልቶ ነው የወጣው?»

«በልቷል ኦቦ» አልኳቸው።

«ብቻውን?»

«አይደለም። ከእኛ ጋር ነው የበላው። ስድስታችንም ከአንድ መጥበሻ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደጋግመው። «ገለቶማ» አሉ። አመስግነውን ዓይናቸውን ወደ ሜዳው መለሱ። እኛም እስኪመሽ አብረናቸው ተቀመጥን።

ከሰባታችን ሦስቱ ያን ጠዋት ወደቁ። አበራ ከድንጋይ አጥሩ ሥር፣ ሃምሳ አለቃ ደስታ ከምሽጉ አፋፍ፣ ጉታ ቶለሳ ከእሳቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ። ከድር ከጦርነቱ ተርፎ ቆይቶ በሕመም አረፈ፣ እሱንም ከእነሱ ጋር እቆጥረዋለሁ። ጌትነት የት እንዳለ አላውቅም፤ አለ ብዬ አስባለሁ። ሙላቱ ቡራዩ አለ፣ እኔም አለሁ። ከማዶ በኩልም ብዙ ሰው ወድቋል። ወደ ምሽጋቸው ስንገባ በየጥጉ የተኙትን እያለፍን ነው፤ አልቆጠርናቸውም። እነሱም አባት አላቸው። ልጄ ምን ይበላ ነበር ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት ሰው አግኝቶ እንደሆነ አላውቅም።